ከአሮጌ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ላይ መከላከያ ቅብን አንሥቶ ስለ መበየድ

(ለማኅበራችን አባላት በአዳራሽ የተደረገ ንግግር)



ይህን ንግግር ያዘጋጀነው እኛ የማኅበሩ የጥገና ክፍል አባላት ነን። በዕለቱ መገኘት ያልቻሉ ነዋሪዎችም እንዲያነቡት በዚህ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ አድርገናል።

ርእሱ ሲሰማ ባለሙያን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በየግቢያችን የሚጠገነው ዕቃ ብዙ ነው፤ አሮጌ ሬድዮ አለ፣ የእድር ድምፅ ማጉያ አለ፣ ስታብላይዘር አለ፣ የውሃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ አለ፣ የመኪና ዕቃም አለ። ጥገናው የሚካሄደው ደግሞ በጥገና ቤት ብቻ ሳይሆን በሳሎን፣ በጓዳ፣ አንዳንዴም ሕፃን በተኛበት ክፍል ነው። እንግዲህ ከቦርዱ የሚነሣው ጭስ የሚገባው በጠጋኙ ሳንባ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ማስለቀቂያው ፈሳሽም እሳት ቢይዝ የሚቃጠለው የጠጋኙ ጠረጴዛ ብቻ አይሆንም። ስለዚህ ጉዳዩ የሁላችንም ነው።

መከላከያ ቅብ ማለት ምንድን ነው?

የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ተሠርቶ፣ ዕቃው ሁሉ ተበይዶ ካለቀ በኋላ በላዩ ላይ የሚቀባ ወይም የሚረጭ ስስ ሽፋን አለ። በሞያው ሰዎች አፍ «ኮቲንግ» ይባላል። ሥራው እርጥበትን፣ አቧራን፣ ጨውንና ሻጋታን መከላከል ነው። ውፍረቱ እንደ ዓይነቱ ይለያያል፤ አብዛኛው ከ0.03 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው። ሲሊኮን ወፈር ይላል፤ እስከ 0.21 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ፓሪሊን የሚባለው ደግሞ ከ0.01 እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

ይህ ሥራ የተስፋፋው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው። በፓሲፊክ ደሴቶች የነበሩ የጦር ሬድዮዎች በእርጥበትና በሻጋታ እየተበላሹ ስላስቸገሩ፣ ውስጣቸው በቨርኒሽ ይሸፈን ጀመር። በአንዳንዱ ቨርኒሽ ውስጥ ሻጋታ የሚገድል መርዝ ይጨመርበት ነበር። ስለዚህ የዚያን ዘመን የጦር ሬድዮ በእጁ ያለ ሰው ቅቡን በደረቁ ፍቆ ብናኙን መማግ የለበትም። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ጦር ለቅቡ ዝርዝር ደንብ አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ደንብ ለብዙ ዓመታት የፋብሪካዎች መመሪያ ሆኖ ቆይቷል።

መጀመሪያ፤ ቅብ መኖሩን እናረጋግጥ

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል። የቤት ሬድዮና ቴፕ ውስጥ ያለው ቦርድ አብዛኛውን ጊዜ ምንም መከላከያ ቅብ የለውም። ቅብ የሚገኘው በብዛት በጦር፣ በአውሮፕላንና በመርከብ መገናኛ ሬድዮዎች፣ በመለኪያ መሣሪያዎች፣ በመኪና ኤሌክትሮኒክስና ከቤት ውጪ በሚተከሉ መቆጣጠሪያዎች ላይ ነው። ቅብ የሚመስሉ ሁለት ነገሮች አሉና እንለያቸው።

ሀ/ በቦርዱ ላይ የምናየው አረንጓዴ ቀለም። ይህ ፋብሪካው ዕቃውን ከመበየዱ በፊት ያለበሰው ነው፤ ሊዱ ከመንገዱ ወጥቶ እንዳይፈስ ይጠብቃል። ብየዳው ያለበትን ክብ ቦታ ስለማይሸፍን ማንሣት አያስፈልግም።

ለ/ በብየዳው ዙሪያ ብቻ የተጠራቀመ ቢጫ ወይም ቡናማ፣ እንደ ሙጫ የሚሰባበር ነገር። ይህ የፍሉክስ ቅሪት ነው፤ በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ ይጸዳል።

እውነተኛው ቅብ ግን ቦርዱንም፣ ብየዳውንም፣ የሬዚስተሩንና የኮንዴንሰሩን እግርም አንድ ላይ ይሸፍናል፤ በመብራት ሲታይ እንደ ብርጭቆ ያብለጨልጫል። አንድ ቀላል ዘዴ ደግሞ አለ። በባንክና በሱቅ የብር ኖት የሚመረመርበት ሰማያዊ መብራት ካለ፣ ክፍሉን አጨልሞ ቦርዱን ከሥሩ ማየት ነው። ብዙው ቅብ በዚያ መብራት እንዲያበራ ሆኖ ስለሚሠራ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ባያበራ ግን ቅብ የለም ማለት አይደለም፤ ሁሉም አያበራምና።

ለምን እናነሣዋለን?

«መበየጃውን አግለን በላዩ ብንጭነው አይቃጠልም ወይ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይቀርብልናል። አዎ፣ ይቃጠላል። ችግሩም ያው መቃጠሉ ነው።

አንደኛ፣ ሙቀቱ በቅቡ ስለሚታገድ ሊዱ በጊዜው አይቀልጥም። ጠጋኙም መበየጃውን ይጫናል፣ ያቆያል። አሮጌ ቦርድ፣ በተለይም ቡናማው የካርቶን ዓይነት፣ ይህን አይችልም፤ የመዳቡ መንገድ ተላቅቆ ይነሣል። አንዴ ከተነሣ ደግሞ ጥገናው በእጥፍ ይከብዳል።

ሁለተኛ፣ የተቃጠለው ቅብ ከሊዱ ጋር ይደባለቅና ብየዳው ውሸት ይሆናል። ዕቃው ዛሬ ይሠራል፣ በሳምንቱ ይቆማል። ባለ ዕቃው «ጠጋኙ አታለለኝ» ይላል፤ እንዲህም ሆኖ ስም ይጠፋል።

ሦስተኛውና ዋነኛው ጤና ነው። ከቅቦቹ መካከል ፖሊዩሬቴን የሚባለው ሲቃጠል አይሶሳያኔት የተባለ መርዝ ያወጣል። ይህ መርዝ አስም ያስይዛል። ክፋቱ ደግሞ አካል አንዴ ከተቆጣበት በኋላ በጣም ጥቂቱ እንኳ ሕመሙን መቀስቀሱ ነው። የመበየጃው ጫፍ ከ300 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ይግላል፤ ይህ ቅቡን ለማቃጠል ከበቂ በላይ ነው። «እኔ ለምጄዋለሁ» የሚል ጠጋኝ እናውቃለን። አፍንጫው ሽታውን ለምዶ ይሆናል፤ ሳንባ ግን መርዝን አይለምድም።

ከሥራው በፊት የሚደረግ ጥንቃቄ

1ኛ/ ዕቃው ከሶኬት ይነቀል። ትልልቁ ኮንዴንሰር ከተነቀለም በኋላ ኃይል ይዞ ይቆያልና በሬዚስተር ይፍሰስ፤ ማለቁም በቴስተር ይለካ። የአምፖል ማጉያ ከ300 ቮልት በላይ፣ የአሮጌ ባለ ቀለም ቴሌቪዥን ስክሪን ደግሞ እስከ 25,000 ቮልት ሊይዝ ይችላል። ያልተማረ ሰው እዚያ እጁን አያስገባ።

2ኛ/ አሴቶን፣ ቲነርና አልኮል እሳት ይስባሉ። የአሴቶን ትነት ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ብርድ እንኳ እሳት ሊይዝ ይችላል፤ እኛ አገር ደግሞ እንደዚያ የሚበርድ ቤት የለም። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ወለል ይወርዳል። የቡና ከሰሉ የሚቀመጠው የት ነው? ወለል ላይ አይደለም ወይ? ስለዚህ ቡና በሚፈላበት፣ ዕጣን በሚጨስበት፣ ምድጃ በሚነድበት ቤት ይህ ሥራ ጨርሶ አይሠራ። የጋለውም መበየጃ ከፈሳሹ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥ።

3ኛ/ ፈሳሹ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አይቀመጥ። ሕፃን ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። በራሱ ዕቃ፣ ስሙ ተጽፎበት፣ ልጅ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ለሥራው ከሁለትና ከሦስት ማንኪያ በላይ መቅዳት አያስፈልግም።

4ኛ/ በር ላይ ወይም በረንዳ ላይ እንሥራ። ነፋሱ ከጀርባችን መጥቶ ትነቱን ከፊታችን ይውሰደው። የጨርቅም ሆነ የወረቀት የአፍ መሸፈኛ ብናኝ ይቀንስ እንደሆነ እንጂ የፈሳሽ ትነትን አያግድም። ትነት የሚያግደው የከሰል ማጣሪያ ያለው ማስክ ብቻ ነው። ስስ የሕክምና ጓንትም አሴቶንን ብዙ አይከለክልም፤ ሲረጥብ ይለወጥ። መነጽርም አይረሳ።

5ኛ/ በቀለም ቤት የሚሸጠው ኃይለኛ የቀለም መላጫ፣ ሜቲሊን ክሎራይድ ያለበት፣ አይነካ። ይህ ነገር በትንፋሽ ከገባ በኋላ በሰውነት ውስጥ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል፤ ይኸውም የከሰል ጭስ ሰው የሚገድልበት ያው መርዝ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 ለቀለም መላጫነት ለቤት ተጠቃሚ እንዳይሸጥ ተከልክሏል። ከዚህም በላይ ቦርዱን ራሱን ይበላዋል።

ዓይነቱን መለየትና ማንሣት

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አንድ መድኃኒት ለሁሉም በሽታ እንደማይሆን ሁሉ አንድ ፈሳሽም ለሁሉም ቅብ አይሆንም። ስለዚህ ምንም ዕቃ የሌለበት የቦርዱ ጥግ ተመርጦ እዚያ ይሞከር። አስቀድሞ በስቴክኒ ይጫኑት፤ ይጠነክራል ወይስ ይለሰልሳል? ቀጥሎ በጥጥ ጫፍ አልኮል፣ ቀጥሎ አሴቶን አስነክቶ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ነው። ውጤቱ ዓይነቱን ይነግረናል።

ሀ/ አክሪሊክና አሮጌው ላክ። ጠንካራና የጠራ ነው፤ በአሴቶን ቶሎ ይሟሟል፣ አንዳንዱ በአልኮልም ይለቃል። ከሁሉ የሚቀለው ይህ ነው። ጥጥን በፈሳሹ አርሶ በብየዳው ላይ ማሳረፍ፣ ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ በጥርስ ብሩሽ ፈተግ ማድረግ፣ ከዚያም በንጹሕ ጥጥ ማንሣት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር አይዘንጋ፤ ጥጡ ካልተለወጠ የሟሟው ቅብ ሲደርቅ ተመልሶ ስስ ሆኖ ይለጠፋል። ሁለትና ሦስት ጊዜ በንጹሕ ጥጥ ይደገም።

ለ/ ፖሊዩሬቴን። ይህም ጠንካራ ነው፤ ግን በአሴቶን አይሟሟም፣ ያብጣል፣ ይጨማደዳል። ትዕግሥት ይፈልጋል። የረጠበ ጥጥ ጥቂት አቆይቶ፣ ሲለሰልስ ጫፉን በሾለ እንጨት መላጥ ነው። ካልለቀቀ ይደገማል እንጂ በእሳት አይሞከርም። ምክንያቱን ከላይ ተናግረናል።

ሐ/ ሲሊኮን። እንደ ጎማ ይለሰልሳል፤ በጥፍር ሲጫኑት ይገባና ተመልሶ ይነሣል። አልኮልም አሴቶንም ብዙ አያደርጉትም። በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ስለት ዙሪያውን ቆርጦ፣ በወረንጦ እየሳቡ መላጥ፣ የቀረውን በእንጨት ማሸት ነው። ትንሽ ፊልም እንኳ ከቀረ ሊድ አይይዝም፤ ስለዚህ የነካው እንጨትና ጥጥ ለሌላ ቦርድ አይዋል።

መ/ ኢፖክሲ። እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነው። ከቅቦቹ ሁሉ አስቸጋሪው ይህ ሲሆን ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የተሻለው ቦርድ ራሱ የሚሠራው ከመስታወት ክርና ከኢፖክሲ ነው። ቅቡን የሚያሟሟ ፈሳሽ ቦርዱንም ያሟሟል ማለት ነው። ስለዚህ ብየዳው ያለበትን ነጥብ ብቻ፣ በአጉሊ መነጽር እያዩ፣ በምላጭ ጫፍ በጥቂት በጥቂቱ መፋቅ ነው። ቦርዱ በሙሉ በወፍራም ኢፖክሲ ከተሞላ ግን ባለ ዕቃውን ጠርቶ «ይህ አይሆንም» ማለት የሞያ ክብር እንጂ ነውር አይደለም።

ሠ/ ፓሪሊን። እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ለገበያ የቀረበ ሲሆን በፈሳሽነት የሚቀባ ሳይሆን አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ በትነት የሚለብስ ነው። ስለዚህ በሁሉም ቦታ ውፍረቱ እኩል ነው፤ ከዕቃዎቹ ሥር ሁሉ ይገባል። በቤት ውስጥ የሚገኝ ምንም ፈሳሽ አያሟሟውም። በስለት ቀስ ብሎ ሠንጥቆ እንደ ስስ ፌስታል መላጥ ብቻ ነው።

በሁሉም ዓይነት ላይ የሚሠራ ደንብ፤ የሚጸዳው የሚበየደው ነጥብና በዙሪያው ያለው ጥቂት ቦታ ብቻ ነው። ቦርዱን በሙሉ መላጥ ሥራ መጨመር፣ ዕቃውንም ለእርጥበት ማጋለጥ ነው። ብረት ካቻቢቴም የመዳቡን መንገድ ስለሚቆርጥ ለመፋቂያ አይሁን፤ መጀመሪያ እንጨት፣ ሲያቅት ፕላስቲክ፣ የመጨረሻው ምላጭ ነው።

አሴቶን የማይነካቸው ዕቃዎችም አሉ። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ሬድዮዎች (በፈረንጅ አቆጣጠር ማለታችን ነው) ውስጥ እንደ ብርጭቆ የጠሩ የፕላስቲክ ኮንዴንሰሮች ይገኛሉ፤ የተሠሩት ከፖሊስታይሪን ነውና አሴቶን ሲነካቸው ይሟሟሉ። የሬድዮው የፊት መስታወት ፕላስቲክ፣ ቁልፎችና በዕቃው ላይ የታተመ ቁጥርም እንዲሁ ይጠፋሉ። ስለዚህ ፈሳሹ በጥጥ ይነካ እንጂ አይፍሰስ። ቁጥሮቹም አስቀድመው በወረቀት ይገልበጡ፤ ስልክ ያለው ፎቶ ያንሣ።

መበየዱና መልሶ መሸፈኑ

ቅቡ ከተነሣ በኋላ ቦታው በአልኮል ይጠረግና ይድረቅ። ከፋርማሲ የምንገዛው 70 በመቶ አልኮል የቀረው 30 እጁ ውሃ ነው፤ ስለዚህ ረዘም ላለ ጊዜ ይድረቅ። 90 በመቶና ከዚያ በላይ ከተገኘ ይመረጣል። ፈሳሹ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅና ዕቃው ሳይከደን መበየጃ አይሰካ።

የአሮጌ ዕቃ ሊድ አብዛኛውን ጊዜ የቆርቆሮና የእርሳስ ድብልቅ ነው፤ 183 ዲግሪ ላይ መቅለጥ ይጀምራል። ስለዚህ ከ320 እስከ 350 ዲግሪ የጋለ ጫፍ ይበቃል። ትንሽ አዲስ ፍሉክስ አድርጎ ሁለት ሦስት ሰከንድ ማሳረፍ ነው። ካልቀለጠ አይጫኑት፤ ቅብ ቀርቷል ማለት ነውና ተመልሶ ይጽዳ። ጥሩ ብየዳ ያበራል፣ እንደ ተራራ ግርጌ ተንሸራቶ እግሩን ይይዛል። እንደ ኳስ ድቡልቡል ከሆነ ግን አልያዘም።

እርሳሱን በተመለከተ ለእናቶች አንድ ቃል እንበል። እርሳስ በብየዳ ሙቀት ብዙ አይተንም፤ ወደ ሰውነት የሚገባው በእጅና በአፍ ነው። ለሕፃናት ደግሞ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን የለም። ስለዚህ ጠጋኙ እጁን በሳሙና ሳይታጠብ እንጀራ አይቁረስ፣ ልጅም አይቀፍ። የወደቀው ፍቅፋቂ በደረቅ መጥረጊያ አይጠረግ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይነሣ። የምግብ ጠረጴዛም የብየዳ ጠረጴዛ አይሁን።

ብየዳው ሲያልቅ ፍሉክሱ ተጠርጎ፣ ዕቃው ተሞክሮ፣ ከዚያ ቦታው መልሶ ይሸፈናል። ሳይሸፈን የቀረ ነጥብ ክረምት ሲገባ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። ለዚህ የሚሻለው የአክሪሊክ ስፕሬይ ነው፤ የሚቀጥለው ጠጋኝም በቀላሉ ያነሣዋል። በሲሊኮን ላይ ግን ሌላው ስለማይጣበቅ ሲሊኮን በሲሊኮን ይመለስ። ከመርጨት በፊት መሰኪያዎች፣ ማብሪያ ማጥፊያና የድምፅ መጨመሪያው በፕላስተር ይሸፈኑ፤ ቅብ ከገባባቸው አይሠሩም። ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም በአነስተኛ ቮልት ላይ ለምታህል ነጥብ ያገለግል ይሆናል፤ ከፍተኛ ቮልትና ሙቀት ባለበት ግን አይደረግ። የረጠበው ጥጥና ጨርቅ ከእሳት ርቆ ውጪ ከደረቀ በኋላ ይጣላል፤ ፈሳሹም ወደ ቦይ አይደፋ።

የማኅበራችን አባላት ሆይ፤

አሮጌ ዕቃ መጠገን ጥሩ ነገር ነው። ለወጣቶቻችን እንጀራ ነው፣ ለባለ ዕቃው ገንዘብ ማዳን ነው፣ ለመንደሩም ቆሻሻ መቀነስ ነው። ነገር ግን ለአንድ ሬድዮ ተብሎ የሰው ሳንባ መክፈል የለበትም። ስለዚህ ከሁላችሁም የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ወጣቶች፤ ቅብን በመበየጃ ማቃጠል ከዛሬ ጀምሮ ይቅር። ወላጆች፤ ልጃችሁ በጓዳ ሲበይድ ብታገኙት «ተው» ብላችሁ አታቋርጡት፤ ጠረጴዛውን ወደ በረንዳ አውጡለት፣ ከሰሉን አርቁለት። ዕቃ የምታስጠግኑም፤ ጠጋኙ «ቅቡን ለማንሣት አንድ ቀን ይፈጅብኛል» ሲላችሁ አትቆጡ፤ የዘገየው ሥራውን በደንብ ሊሠራላችሁ ነውና።

ዓይነቱን መለየት ያቃተው ሰው ቦርዱን ይዞ ወደ ጥገና ክፍላችን ይምጣ። አብረን እናየዋለን።



የማኅበሩ የጥገና ክፍል